ሃያ ቶን ስንቅ

በደቡብ አውስትራልያ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ኢናሚንካ የሚባል ሰፊ የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል አለ። ኩፐር ክሪክ የተባለው ወንዝ ይህን በረሐ አቋርጦ ያልፋል። ሙቀቱ በሚበርድበት ወራት ከሩቅ ከተሞች ድንኳናቸውን ጭነው የሚመጡ ሰዎች በወንዙ ዳር፥ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ይሰፍራሉ። ለዚህ ጉዞ የሚሰናዳ ሰው ውኃውን ለክቶ፥ ነዳጁን በመጠባበቂያ ይዞ፥ የሚሔድበትን መንገድና የሚመለስበትን ቀን በአገር ለሚቀር ሰው ነግሮ ይነሣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ቢኖር፥ በዚያው ወንዝ ዳር የቆሙት የመታሰቢያ ምልክቶች ይመልሱለታል።

ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 እና በ1861 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዘመን የሜልበርን ከተማ በወርቅ በልጽጋ ነበረች። ዳሩ ግን ሰፋሪዎቹ የክፍለ ዓለሙን ውስጥ አያውቁትም ነበር። (ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩበት ነባሮቹ ሕዝቦችስ ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው ግን የለም።) የቪክቶሪያ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ኮሚቴ አቋቁሞ፥ አውስትራልያን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚያቋርጥ ጓድ ለመላክ ቈረጠ። ለመሪነት የተመረጠው ሮበርት ኦሃራ በርክ የአየርላንድ ተወላጅ፥ ቀድሞ በኦስትሪያ ጦር ያገለገለ፥ በኋላም የፖሊስ ሹም የሆነ ደፋር ሰው ነበረ። በበረሐ ግን ኖሮ አያውቅም።

በነሐሴ 20 ቀን 1860 ዓ. ም. ጓዱ ከሜልበርን ሮያል ፓርክ ሲነሣ ለመሰናበት የወጣው ሕዝብ 15,000 ያህል ነበረ። ተጓዦቹ 19 ሰዎች፥ ግመሎቹ 26፥ ፈረሶቹ 23፥ ሠረገሎቹም 6 ነበሩ። ጭነቱ ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ለሁለት ዓመት የሚበቃ ምግብ፥ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ፥ ወደ ሰማይ የሚተኰስ ርችት፥ ባንዲራ፥ ጭምር የቻይና ደወል ተጭኖአል። በግምጃ ቤት የሠራ ሰው ይህን ዝርዝር ቢያይ፥ ይህ ጐደለ የሚለው ነገር ለማግኘት ይቸግረዋል። ሆኖም አንደኛው ሠረገላ ገና ከፓርኩ ሳይወጣ ተሰበረ።

ወራቱ በዚያ አገር የክረምት መጨረሻ ስለ ነበረ መንገዱ ጭቃ ነበር። የፖስታ ሠረገላ በጥቂት ቀን የሚጨርሰውን የሜኒንዲን መንገድ ጓዱ ሁለት ወር ፈጀበት። ጭነቱን ለማቃለል ሲሉ ባልራናልድ ላይ ስኳሩንና ከጥይቱ ከፊሉን፥ ደግሞም ከቊርባ በሽታ የሚጠብቀውን የሎሚ ጭማቂ ጥለው ሔዱ። ሜኒንዲ ሲደርሱ ግመሎቹን ከሕንድ ያመጣው ላንዴልስ ከበርክ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። በርክም በችኰላ ጓዱን ከሁለት ከፈለው። ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት የሚባል ሌላ ተጓዥ ከአደሌድ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ለመድረስ ይጥር ነበርና፥ እንዳይቀድመው ፈራ።

እዚህ ላይ በመሥሪያ ቤት ለሚያገለግል ሰው እንግዳ ያልሆነ ነገር ተፈጸመ። በርክ በመንገድ ያገኘውን ራይት የተባለ ሰው ሾሞ፥ ወደ ኋላ ተመልሶ የቀረውን ስንቅ እንዲያመጣ አዘዘው። ራይት ግን ሹመቱ ከሜልበርን ጸድቆ፥ የጭነት ከብት መግዣ ገንዘብም እስኪመጣለት ተቀምጦ ጠበቀ። ከሜኒንዲ የተንቀሳቀሰው በጥር መጨረሻ 1861 ዓ. ም. ነው። የበጋው ሐሩር በጸናበት ወቅት ስለ ተነሣ፥ ከተከተሉት ሰዎች አንዳንዶቹ በመንገድ ሞቱ።

በርክ ግን በኅዳር ኩፐር ክሪክ ደርሶ ነበር። በታኅሣሥ 16 ቀን 1860 ዓ. ም. ቀያሹን ዊልስን፥ ኪንግንና ግሬይን አስከትሎ፥ ስድስት ግመልና አንድ ፈረስ ይዞ፥ ለሦስት ወር ስንቅ ወደ ሰሜን ሔደ። በሰፈሩ የቀረው ብራሄ ሦስት ወር እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ ዊልስ ግን አራት ወር እንዲያደርገው ለመነው። አራቱ ሰዎች በየካቲት ወደ ሰሜኑ ባሕር ተቃረቡ። የባሕሩን ውኃ ግን በዓይናቸው አላዩም፤ የማንግሮቭ ረግረግ ከለከላቸው። ሲመለሱ ዝናብና ረኀብ አደከማቸው። በሚያዝያ 17 ቀን ግሬይ ሞተ፤ እርሱን ለመቅበርም አንድ ቀን ሙሉ ቈዩ።

ይህች አንድ ቀን ብዙ አስከፈለቻቸው። ብራሄ 18 ሳምንት ከጠበቀ በኋላ፥ አንዱ ባልደረባው ክፉኛ ስለ ታመመበት በሚያዝያ 21 ቀን ጧት ሰፈሩን ለቀቀ። በርክና ሁለቱ ጓደኞቹ በዚያኑ ቀን ማታ ደረሱ። በአንድ ዛፍ ላይ «ቆፍር» የሚል ቃልና የመምጫና የመሔጃ ቀን ተቀርጾ አገኙ። ቆፍረውም ጥቂት ስንቅና ደብዳቤ አወጡ። ደብዳቤው የብራሄ ሰዎችና ከብቶች በደኅና እንዳሉ ስለሚናገር፥ አንደርስባቸውም አሉ። ብራሄ ግን በዚያች ሌሊት ያደረው ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበር።

በርክ በመጡበት መንገድ መመለሱን ትቶ፥ በስተ ደቡብ ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ማውንት ሆፕለስ ለመሔድ ወሰነ። (የቦታው ስም ትርጉም «ተስፋ ቢስ ተራራ» ነው።) ይህንኑ ጽፈው ደብዳቤውን በጉድጓዱ ቀበሩ፤ አፈሩንም እንደ ነበረ አስተካከሉት። በዛፉ ላይ ግን አንዲት ፊደል አልጨመሩም። በግንቦት 8 ቀን ብራሄና ራይት አብረው ወደ ሰፈሩ ተመለሱ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቈዩ፤ ጉድጓዱ ያልተነካ መሰላቸውና ሳይቈፍሩ ሔዱ። እነርሱም ምልክት አላኖሩም። በግንቦት መጨረሻ ዊልስ ብቻውን ተመልሶ መጣ፤ ሰው እንደ ደረሰ የሚያሳይ ነገር አላገኘምና ሌላ ደብዳቤ ቀብሮ ተመለሰ። ርችትና የቻይና ደወል የጫነ ጓድ በአንድ ዛፍ ልጥ ላይ ሁለት ቃል ለመቅረጽ አላሰበም።

ግመሎቹ ስለ አለቁ ከወንዙ መራቅ አልተቻላቸውም። በዚያ የሚኖሩት የያንድሩዋንዳ ሕዝብ ዓሣና ናርዱ ሰጡአቸው፤ ናርዱ በውኃ ዳር የሚበቅል ተክል ሲሆን ፍሬው ተፈጭቶ ይበላል። ኋላ ግን ከነዋሪዎቹ አንዱ ጨርቅ ሊወስድ ሲል በርክ ሽጉጥ ተኰሰ፤ ሕዝቡም ራቁ። ሦስቱ ሰዎች ናርዱውን በራሳቸው ፈጭተው በሉ፤ ሆዳቸው ሲሞላ ጕልበታቸው አለቀ። በኋላ ዘመን የመረመሩ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ ናርዱ በነዋሪዎቹ ዘዴ ካልተሰናዳ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር የሰውነትን ቪታሚን ቢ 1 ያጠፋል። ስለ ምግቡ ብዙ ሳያውቁ ነዋሪዎቹን አባረሩ።

በሰኔ መጨረሻ ገደማ ዊልስና በርክ በየተለያየ ቦታ ሞቱ። ኪንግ ወደ ያንድሩዋንዳዎቹ ሔደ፤ እነርሱም ተቀበሉት፤ ከሚበሉትም አበሉት። አልፍሬድ ሐዊት የመራው የፍለጋ ጓድ በመስከረም 15 ቀን 1861 ዓ. ም. በሕይወት አገኘው። ከዚያ በኋላ ለበርክና ለዊልስ በጥር 1863 ዓ. ም. በሜልበርን ታላቅ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገላቸው። መርማሪ ኮሚሲዮን ተቋቁሞ በርክንም፥ ኮሚቴውንም፥ ብራሄንም ነቀፈ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የከበደው በራይት ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ትንሽ በዝቶበታል፤ ሹመት የሰጠው ሰው በቅድሚያ ወረቀቱን ሊጨርስለት ይገባ ነበርና። ስቱዋርት በበኩሉ በጥቂት ሰዎችና በፈረስ ብቻ ደጋግሞ ሞክሮ በሐምሌ 1862 ዓ. ም. ከሰሜኑ ባሕር ደረሰ፤ ከባልንጀሮቹም አንድ ሰው አልሞተበትም።

ኪንግ ጤናው ሳይመለስ በ1872 ዓ. ም. በሳንባ በሽታ ሞተ። ያ የኩሊባ ዛፍ ግን ከወንዙ ዳር፥ ከግዛቱ ወሰን ማዶ በኩዊንስላንድ ምድር ዛሬም ቆሞአል። «ቆፍር» የሚለው ቃል የተቀረጸበትን ቦታ ልጡ አድጎ ስለ ሸፈነው፥ ድንኳን ተክለው የሚያድሩት እንግዶች ሊያነቡት ቢፈልጉም አይነበብላቸውም።