ስለ ጎንደር ትልልቅ ሥዕሎች እድሳት፤ የአባ እንጦንስ ጉዳይ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ትልቅ ሥዕል ታደሰ የሚባለው ምን ሲደረግለት ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1636 ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። በዚያው ዓመት ሩበንስ የተባለው የባሮክ ዘመን ሠዓሊ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቀዳማዊ ቻርልስ የሣላቸው ትልልቅ ሸራዎች በለንደን በኋይትሆል ቤተ መንግሥት የግብዣ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ተሰቀሉ። እነዚህ ሸራዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጣሪያው ወርደው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

የጎንደር ነገሥታት ያሠሩት ሥዕል ዛሬ በብዛት የሚገኘው በግንቦቹ ውስጥ ሳይሆን እነርሱ በተከሏቸው አብያተ ክርስቲያናት ነው። ሠዓሊው የሚሥለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁም በጭቃ በተመረገው የመቅደስ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የዚህ ሥራ ጠላቱ ውሃ ነው። የሣር ክዳኑ ሲያፈስ ምርጉ ይርሳል፣ ያብጣል፤ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ጨርቁም ከነቀለሙ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የሥዕል እድሳት የሚጀምረው ከጣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፣ የለቀቀው ጨርቅ እንደገና ይጣበቃል፣ ቀለም የሚጨመረውም በጠፋው ቦታ ላይ ብቻ ይሆናል።

የቀድሞው ልማድ ግን ሌላ ነበር። በትውልድ አገሬ በገሱባ የሣር ቤት ሲያረጅ ሣሩ ወርዶ አዲስ ይከደናል፤ ቤቱ ታደሰ ይባላል እንጂ ሌላ ቤት ተሠራ አይባልም። በቤተ ክርስቲያንም ያረጀ ሥዕል በአዲስ ሲተካ ምእመኑ የሚሰግድለት ቅዱስ ያው ስለሆነ፣ እድሳት እንጂ ጥፋት ሆኖ አይታይም ነበር።

በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ የምርምር ቡድን ጎንደር ሲደርስ ይህንን ልማድ አገኘ። በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩት አሮጌ ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሡ፤ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ በምትካቸው አዳዲስ ቅጂዎችን ሣለ። አሮጌዎቹ ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ ዛሬ የሚገኙት በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው ሚሼል ሌሪስ የጉዞውን ማስታወሻ በ1934 አሳትሟል።

በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች በአንድ ቃል ሁለት ነገር ያስቡ ነበር። ለአጥቢያው ዋናው ነገር መልኩ ነው፤ አዲስ መልክ ካገኘ ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ። ለተመራማሪው ግን ዋጋ ያለው ጨርቁና ቀለሙ ራሱ፣ ጥንታዊ ሠዓሊ በእጁ የነካው ነገር ነው። ቅጂ ከዋናው ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ፣ ቅጂው ፓሪስ ሄዶ ዋናው ጎንደር በቀረ ነበር።

ሥዕሎቹ ባይወሰዱ ኖሮ በጠፉ ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ በ1888 ድርቡሾች ብዙ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። ነገር ግን ከዚያ እሳት የተረፈው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕል፣ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ሳይቀሩ፣ እስከ ዛሬ በቦታው አለ። በቦታው መቆየት ማለት መጥፋት ማለት እንዳልሆነ ይህ በቂ ምስክር ነው።

እንግዲህ ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ የማገኘው መልስ ይህ ነው። እድሳት የሚለካው በቀለሙ ድምቀት ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉ ከተጠገነ በኋላ በሚመለስበት ግድግዳ ጭምር ነው። የለንደኖቹ ሸራዎች ወርደው ተመልሰዋል። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ወርደው አልተመለሱም፤ ስለዚህ ተጠብቀዋል እንጂ ታድሰዋል ለማለት ያስቸግራል።