የእርከን ሥራ ታሪክ ከጣርማ በር እስከ ይፋት ቆላ

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ሲያልፍ፥ ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከተዳፋቱ ታጥቦ የሚወርደው ደለል የመስኖ ቦዮችን ስለሚደፍን፥ የቆላው ገበሬ ሰብል በደጋው መሬት አያያዝ ላይ የተመሠረተ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ እርከን በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ተስፋፋ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ከጣርማ በር ብዙም በማይርቀው አንዲት ጥድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ሆኖም ሥራው በትእዛዝ የመጣ፥ የእርሻ መሬትንም የሚሻማ በመሆኑ፥ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ገበሬው እርከኑን አፈረሰ። በአንጻሩ የአርጎባ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በየተዳፋቱ የካቡት የድንጋይ እርከን እስከ ዛሬ ያገለግላል። የባለመሬቱ ፈቃድ ያልታከለበት ካብ ቦዩን ከደለል እንደማያድን ይህ ታሪክ ያስገነዝባል።