ይዞታን ስለመክፈልና የቦታ አገልግሎትን ስለመለወጥ፦ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ከተሞች ባለይዞታዎች የተዘጋጀ መረጃ

በከተማ ክልል ውስጥ የሚገኝ አንድ ይዞታ ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ እንዲከፈል፣ ከአጎራባች ይዞታ ጋር እንዲቀላቀል ወይም ለመኖሪያ የተፈቀደ ቦታ ለንግድ ሥራ እንዲውል የሚቀርብ ጥያቄ በባለይዞታው ፈቃድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ጥያቄው ከከተማው ፕላን ጋር ተገናዝቦ ይመረመራል፤ ውሳኔ የሚሰጠውም የከተማው አስተዳደር ነው። ይህ ጽሑፍ በወልቂጤና በቡታጅራ የሚኖሩ፣ እንዲሁም በሌላ ስፍራ እየኖሩ በእነዚህ ከተሞች ይዞታ ያላቸው ዜጎች ጥያቄያቸውን ከማቅረባቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

ጥያቄው የሚቀርብበት አካል

በአንዳንድ አገሮች ስለ ቦታ ክፍፍልና ስለ አጠቃቀም ለውጥ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን የአካባቢ ፕላን ኮሚሽን የሚባል ጉባኤ በይፋ ስብሰባ ያያቸዋል፤ ጎረቤቶችም ቀርበው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ። በአገራችን አሠራር እንዲህ ያለ ጉባኤ የለም። ምርመራው የሚካሄደው በከተማው አስተዳደር ሥር ባሉት የመሬት ልማትና ማኔጅመንት፣ የፕላን እንዲሁም የግንባታ ፈቃድ የሥራ ክፍሎች ነው። ስያሜያቸው በአደረጃጀት ለውጥ ምክንያት ሊለያይ ስለሚችል መነሻው የከተማው ማዘጋጃ ቤት መሆኑን መገንዘብ በቂ ነው።

«ፕላን» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ባለጉዳዮችን ያሳስታል። ፕላንና ልማት በሚል ስም የሚታወቁት መሥሪያ ቤቶች የኢኮኖሚ ልማት ዕቅድን የሚመለከቱ ስለሆኑ ስለ ግቢ ወሰን ወይም ስለ ካርታ የሚሰጡት አገልግሎት የለም። የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴርም ፖሊሲና ደረጃዎችን ከማውጣትና ድጋፍ ከመስጠት አልፎ የግለሰብ ይዞታ አይከፍልም፤ ስለሆነም ለዚህ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። ከከተማው በላይ ያለው እርከን በቅሬታ ጊዜ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ የአስተዳደር መዋቅሩ መለወጡን ልብ ይሏል። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። የክልሉ ቢሮዎችም በአንድ ከተማ ብቻ ስላልተሰበሰቡ የሚፈልጉት ቢሮ የት እንደሚገኝ ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ምርመራው የሚመሠረትባቸው ሕጎች

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሆኑም ባለይዞታው ሲከፍል የሚከፍለው የመጠቀም መብቱን ሲሆን፣ በላዩ ያለው ቤት ግን የግል ንብረቱ ነው። ይህ ልዩነት እንደ ቃላት ጨዋታ መታየት የለበትም፤ ከታች እንደሚገለጸው በሽያጭና በውርስ ጊዜ ውጤቱ ከባድ ነው።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላኖችን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን ጠቅላላ ክልል የሚሸፍን ሲሆን የዕድገት አቅጣጫን፣ ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀም ምድቦችንና መንገዶችን ይወስናል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንጻ ከፍታን፣ ጥግግትን፣ የውስጥ መንገዶችንና የቦታ ሽንሸናን ይመለከታል። ባለይዞታው «የእኔ ግቢ በፕላን ምን ተብሏል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚገኘው ከእነዚህ ካርታዎችና ከማብራሪያ ጽሑፋቸው ነው። አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል፦ በሌላ አገር ጎረቤት በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የሚናገረውን፣ በእኛ አሠራር ነዋሪው በዋናነት የሚናገረው ፕላኑ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። ረቂቅ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ሳይገኙ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ መንገድ በግቢዬ ለምን ያልፋል ብሎ መሟገት እጅግ አድካሚ ነው።

የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004፣ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 እና የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ቀሪዎቹ መሠረቶች ናቸው። አዋጆች ስለሚሻሻሉ፣ ክልሎችም ማስፈጸሚያ ደንብና መመሪያ ስለሚያወጡ፣ ጥያቄ በሚቀርብበት ቀን በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ከሥራ ክፍሉ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይዞታ ስለመክፈል

ብዙው የመክፈል ጥያቄ የሚመነጨው ከውርስ፣ ከፍቺና ከስጦታ ነው። በመርማሪው ዘንድ ግን ቀዳሚው ነገር የጥያቄው ምክንያት ሳይሆን ከክፍፍሉ በኋላ የሚገኘው እያንዳንዱ ቁራሽ ራሱን ችሎ ቦታ መሆን መቻሉ ነው። የሚታየውም ስፋቱ ከተማው ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን አለማነሱ፣ የፊት ገጽታው ለግንባታ መብቃቱ፣ መንገድ ማግኘቱ፣ የውኃና የመብራት መስመር መድረሱ እንዲሁም አዲሱ ወሰን በነባር ቤት ላይ አለማለፉ ነው። ዝቅተኛው ስፋት በየከተማው ስለሚለያይ በአንድ ከተማ የተሰማውን ቁጥር ለሌላው መጠቀም ያሳስታል።

ችግሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ስፋቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሜትር የሆነ የ400 ካሬ ሜትር ነባር ይዞታ ለ4 ወራሾች ደረሰ እንበል። ከፊት ወደ ኋላ በቁመት ቢከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የፊት ገጽታ 2.5 ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ቤት አይሠራም። በአግድም ቢከፈል እያንዳንዱ 100 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ዳሩ ግን ሦስቱ መውጫ መንገድ የላቸውም። 3 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ በጎን ቢተው እስከ መጨረሻው ቁራሽ ለመድረስ 30 ሜትር ስለሚረዝም 90 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ለአራቱ የሚቀረው 310 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወራሾቹ በሕግ እኩል ድርሻ ቢኖራቸውም መሬቱ ራሱ አራት ቦታ ላይሆን ይችላል።

የጉራጌን መንደር አሠፋፈር ለሚያውቅ ይህ ምሳሌ እንግዳ አይደለም። በነባሩ ልማድ ቤቶች ሰፊውን ጀፎረ ትይዩ አድርገው በመስመር ይሠራሉ፤ እንሰቱና የጓሮ ተክሉ ከኋላ ይዘልቃል። ጀፎረ ማንም አጥሮ የማይዘው የጋራ ሜዳና መንገድ ነው፤ ድንበሩም በሽማግሌዎች ዳኝነት ሲጠበቅ ኖሯል። ከዘመናዊው ፕላን በፊት የነበረ የሕንጻ መስመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተማ ሲሰፋና እንዲህ ያለው ግቢ ወደ ከተማ ክልል ሲገባ ግን የኋላው የእንሰት ማሳ መንገድ የሌለው ቦታ ሆኖ ይገኛል። ጀፎረውን ቆርሶ ለወራሽ ድርሻ ማሟያ ማድረግም በልማዱም ሆነ በከተማ ፕላን ተቀባይነት የለውም።

ክፍፍል ሳይቻል ሲቀር መብቱ አይጠፋም። ወራሾች ስማቸው በአንድ የይዞታ ማረጋገጫ ላይ በጋራ እንዲሰፍር ማድረግ ይችላሉ፤ አንደኛው ወራሽ ለሌሎቹ ከፍሎ ሊያጠቃልለው ይችላል፤ ካልተስማሙም ፍርድ ቤት ንብረቱ ተሽጦ ገንዘቡ እንዲካፈል ሊወስን ይችላል። የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ ማን ወራሽ እንደሆነና ድርሻው ስንት እንደሆነ የሚያረጋግጥ ሰነድ እንጂ የተከፈለ ካርታ አይደለም። ውሳኔውን ይዞ ወዲያውኑ አጥር ያጠረ ባለጉዳይ በኋላ አጥሩን ለማፍረስ ሊገደድ ይችላል።

የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ያሻዋል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 አንቀጽ 6 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው የተላለፈለት ሰው በሊዝ ሥሪት ይይዘዋል። ወራሽ ሆኖ የቀጠለው ልጅ በነባሩ ሥሪት ሲቆይ፣ ከእርሱ የገዛው ሰው ግን የሊዝ ባለይዞታ ይሆናል። ነባር ይዞታ ከሊዝ ይዞታ ጋር እንዲቀላቀል ሲፈቀድም ጠቅላላው ቦታ በሊዝ ይተዳደራል። ስለዚህ ድርሻውን ለመሸጥ ያሰበ ወራሽና ገዢው ውል ከመፈራረማቸው በፊት ክፍፍሉ የሚፈቀድ መሆኑንና ገዢው የሚከፍለውን የሊዝ መጠን ማወቅ አለባቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ ይኖርበታል፤ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት ብቻውን ስም ለማዛወር አያበቃም።

ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ተሟልቶ የሚገናኘው ለመስቀል ነው፤ የውርስ ነገርም የሚነሳው ያኔ ነው። በበዓሉ የተደረሰበት ስምምነት ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚደርሰው ግን ሁሉም ወራሾች የፈረሙበት ሰነድ ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የሚኖሩ ወራሾች ከመለያየታቸው በፊት የተረጋገጠ ውክልና ቢሰጡ ጉዳዩ በአንድ ሰው መቅረት ምክንያት አይስተጓጎልም። በውክልናው ላይ «ይዞታ ለመክፈል፣ ካርታ ለመቀበል» የሚል ግልጽ ቃል መኖሩን ያረጋግጡ። ይዞታው የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

የቦታን አገልግሎት ስለመለወጥ

የመኖሪያ ቦታን ለንግድ፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለጋራዥ የማዋል ጥያቄ በቅድሚያ የሚታየው ከመሬት አጠቃቀም ምድቡ አንጻር ነው። ፕላኑ አካባቢውን ቅይጥ አገልግሎት ካለው ጥያቄው ይቀላል። ለመኖሪያ ብቻ ከተከለለ ወይም ለአረንጓዴ ቦታ ከተያዘ ግን አንድ ባለሙያ ወይም ኃላፊ በግል ፈቃዱ ሊለውጠው አይችልም፤ የፕላን ማሻሻያ የራሱ ሥርዓት አለው። በወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በቡታጅራም ወደ ሆሳዕናና ወደ ዝዋይ በሚወስዱት መንገዶች ዳር የሚገኝ ባለይዞታ የንግድ ፍላጎቱ ቢገባም፣ የመንገድ ክልልና የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ጠብቆ እንደሚታይበት ሊያውቅ ይገባል።

የሊዝ ባለይዞታ ከሆኑ ለውጡ የውል ጉዳይም ነው። በአዋጁ መሠረት ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን የንግድ 70፣ የኢንዱስትሪ ደግሞ 80 ዓመት ነው። አገልግሎቱ ሲለወጥ ዘመኑም ዋጋውም ሊለወጥ ስለሚችል ስሌቱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ግንባታ አይጀምሩ። ነባሩን ቤት ለአዲሱ አገልግሎት ማዋልም በሕንጻ አዋጁ ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጁ ሕንጻዎችን በምድብ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ይለያል፤ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ በምድብ «ሐ» ስለሚወድቅ የመኖሪያ ቤት የነበረው ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ሲሆን የሚጠየቀው የዲዛይን ደረጃ ከፍ ይላል። የንግድ ፈቃድ ማግኘት የቦታ አገልግሎት ለውጥ ፈቃድን አይተካም።

በከተማው ማስፋፊያ አካባቢ ስለሚገኝ መሬት

ወደ ከተማ ክልል ያልተካለለ መሬት የሚተዳደረው በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው። ከአርሶ አደር ላይ በውል ተቆርሶ የተገዛ ቁራሽ በከተማ ፕላን ተሸንሽኖ እንደተሰጠ ቦታ አይቆጠርም። ሻጩ መሬቱን የመሸጥ መብት ስለሌለው ገዢው ገንዘቡንም ቦታውንም ሊያጣ ይችላል፤ መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ካሣ የመጠየቅ አቅሙም የጠበበ ነው። ወራሾች ያሉበት የአርሶ አደር ቤተሰብም በችኮላ ከመቆራረስ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ቢያጣራ ይበጃል።

ስለሚቀርቡ ሰነዶችና ስለ ቅሬታ

ባለጉዳዩ በጽሑፍ ከተዘጋጀ ማመልከቻ ጋር የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን፣ መታወቂያውን፣ የቦታ ግብር ወይም የሊዝ ክፍያ የተጠናቀቀበትን ደረሰኝና እንደ ጉዳዩ የወራሽነት፣ የፍቺ ወይም የስጦታ ሰነድ ያቀርባል። ይዞታው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ የተያዘ ከሆነ አስቀድሞ መጥራት አለበት። ቀያሽ ለልኬት ሲመጣ የወሰን ጎረቤቶች ቢገኙ ይመረጣል፤ በካርታው ላይ ያለው ስፋትና በመሬት ላይ የተለካው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ጉዳዩ ወደ ክፍፍል ከመግባቱ በፊት ልዩነቱ ይመረመራል።

ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። «ፕላን አይፈቅድም» የሚል የቃል መልስ ለይግባኝ አይጠቅምም፤ የትኛው ፕላን፣ የትኛው የመሬት አጠቃቀም ምድብ ወይም የትኛው የስፋት ደረጃ እንደከለከለ መገለጽ አለበት። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ቅሬታው በቅድሚያ ለከተማው ቅሬታ ሰሚ ክፍልና ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ለዞኑና ለክልሉ የሚመለከተው አካል ይቀርባል። በግንባታ ፈቃድ ላይ የሚነሳ ቅሬታ በሕንጻ አዋጁ ለተቋቋመው ይግባኝ ሰሚ ቦርድ የሚቀርብ ነው። የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ዜጋም አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። ማመልከቻ በሚያስገቡበት ጊዜ የመዝገብ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ቅጂ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ ስለሆነ በውሳኔው ላይም የተቀበሉበትን ቀን ያስጽፉ።