ለገበሬው ትምህርት ማን ከፈለ?

ስለ ገበሬያችን ሲወራ ሁለት ነገሮች ሳይነሱ አይቀሩም፤ ዝናብና ማዳበሪያ። ሦስተኛው ጉዳይ ግን እምብዛም አይወራበትም። ለመሆኑ ገበሬውን የሚያስተምረው ማን ነው? ለአስተማሪውስ ደመወዝ የሚቆርጠው ማን ነው? ጥያቄው የሂሳብ ክፍል ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን ያለፉትን ሰባ ምናምን ዓመታት ስናገላብጥ ያየነው ሌላ ነው። ማሳው ድረስ የሚሄደው ትምህርት ምን እንደሚሆን የወሰነው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ያመጣው ወገን ነበር። አፈርን ስለማዳን፣ ዘርን ስለማቆየት፣ በተፈጥሮ ማዳበሪያ ስለማምረት የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ እንጀራ ልጅ ነው፤ የሚደርሰው ከማዕዱ የተረፈው ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኦክላሆማ እስከ ዓለማያ

በ1949 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ሥልጣን ሲረከቡ ባደረጉት ንግግር አራተኛው ነጥብ ድሃ አገሮችን በሙያና በቴክኒክ መርዳት ነበር። «ፖይንት ፎር» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ፕሮግራሙን በመጀመሪያ የመሩት ሰው የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ናቸው። ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለ እርሻ ኮሌጅ ከመንግሥት ጋር ተነጋግረው ነበር። በታኅሣሥ 1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1952 ኮሌጃቸው ከኢትዮጵያ ጋር ውል ገባ፣ በዚያው ዓመት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ በ1958 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ የዓለማያን ኮሌጅ መርቀው ከፈቱ።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ይዘው የመጡት በአገራቸው ከ1862 ጀምሮ የተፈተነ ሥርዓት ነው፤ አንድ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ የምርምሩንም ውጤት ወደ ገበሬው ያደርሳል። ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ተመራማሪው የገበሬውን ችግር ይሰማል፣ ተማሪውም ሁለቱን ያያል። እኛ ዘንድ ግን ሦስቱ አብረው የቆዩት ለጥቂት ዓመታት ነው። በ1963 የኤክስቴንሽኑ ሥራ ከዓለማያ ተነጥሎ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። የኦክላሆማ ውል በ1968 ሲያበቃ በእጃችን የቀረው ጥሩ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁንና ገበሬውን የሚያገናኘው ገመድ ግን ላልቶ ነበር።

ሌላም የጎደለ ነገር ነበር። ትምህርቱ የሚፈሰው በአንድ አቅጣጫ፣ ከኮሌጅ ወደ ማሳ ብቻ ነው። የኮንሶ ገበሬ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ ደርድሮ ተራራውን በእርከን ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው። ዩኔስኮ ይህንን ሥራ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2011 ነው። አፈር አጠባበቅን የሚያስተምር ሰው በደጃችን ነበር፤ ደመወዝተኛ መምህር ግን አልነበረም።

ስዊድኖች በጭላሎ

በ1967 አሰላ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በብዙዎች አጠራር ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። የወጪውን አብዛኛውን የሸፈነው የስዊድን መንግሥት ነው። ካዱ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ አቀረበ፣ የራሱን የልማት ሠራተኞች አሰማራ፣ ወተት ላይ ሠራ፣ ደን ላይ ሠራ። ምርት ጨመረ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምንተርከው ተረት ይሆን ነበር።

አላበቃም። መሬቱ ትርፍ እንደሚያስገኝ ያዩ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን እያስነሱ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ለትንሹ ገበሬ የታሰበ ፕሮጀክት ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ ለመነቀሉ ምክንያት ሆነ። ስዊድኖቹ ይህን አልፈለጉትም፤ የመሬት ይዞታው ግን በእጃቸው አልነበረም። ጥያቄው መልስ ያገኘው በመጋቢት 1975 የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ ሲታወጅ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ የእርሻ ትምህርት ከመሬቱ ባለቤትነት ተነጥሎ አይቆምም። በዓመቱ ከመሬቱ የሚነሳ ጭሰኛ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚደርስ አፈር ምን ብሎ ይደክማል?

ሁለተኛው ትምህርት ከ1971 የመጣ ነው። የካዱ ዓይነቱ ፕሮጀክት በየአውራጃው እንዳይስፋፋ ውድ ነበር። ስለዚህ በስዊድንና በዓለም ባንክ ድጋፍ «ሚኒመም ፓኬጅ» የተባለው ፕሮግራም መጣ፤ ርካሽና ቶሎ የሚዳረስ። ከሰፊው ፕሮግራም ብዙው ተቀንሶ ሲያልቅ በዋናነት የቀረው ማዳበሪያ፣ ዘርና ብድር ነው። በጆንያ የሚጫን፣ በኩንታል የሚቆጠር፣ በሪፖርት የሚጻፍ። እርከኑ፣ የሰብል ፈረቃው፣ የፍግ አያያዙ ግን በጆንያ አይጫንም። ከዚያ ወዲህ በአገራችን «ፓኬጅ» ሲባል ገበሬው ቀድሞ የሚያስበው ጆንያውን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዘሩን ያቆዩት

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ዞሮ ስንዴውንና ገብሱን ሲሰበስብ ያየው ብዝኃነት አስደንቆታል። የካሊፎርኒያ ገብስ ቢጫ አድርጎ በሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ሲጠቃም መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ዘር ነው። የእኛን ገበሬ የመረጠውንና ያቆየውን ዘር ሌላው ዓለም ዋጋ የሰጠው ከእኛ ቀድሞ ነው።

በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የእፅዋት ዘረ መል ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ከዚያ የ1984 ረሀብ መጣ። የራበው ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ አንድ ጎተራ ሲራገፍ የትውልዶች ምርጫ አብሮ ይጠፋል። ማዕከሉ ከረሀቡ ቀበሌዎች ዘር እየሰበሰበ አዳነ። መላኩ ግን ዘሩ በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጡ ብቻ አላረካቸውም። በ1989 ከካናዳው ዩኒቴሪያን ሰርቪስ ኮሚቴ ጋር «የሕልውና ዘሮች» የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ነባሩ ዘር ወደ ገበሬው ማሳ ተመለሰ፣ ገበሬውና ሳይንቲስቱ አብረው መረጡት፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችም እዚህ ሠለጠኑ። በዚያው ዓመት መላኩ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ።

ልብ በሉ፤ በአንድ ጠባብ በጀት ሦስት ነገር ተሠርቷል። ዘር ዳነ፣ ባለሙያ ሠለጠነ፣ ገበሬውም ለመጀመሪያ ጊዜ በመምህርነት ተቆጠረ።

በአንድ ዘመን ሁለት ትምህርት

በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ገንዘቡ ከጃፓን ነው፤ ከጀርባው የኖቤል ተሸላሚው ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። ገበሬው በግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ ላይ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ እንዲጠቀም ተደረገ፤ የበቆሎው ምርት ዓይን የሚስብ ሆነ። መንግሥትም በ1995 ዘዴውን የአገር አቀፍ ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው።

ነገሩ በ2002 መጀመሪያ ላይ ገበያ ወጣ። ጥሩ ምርት በተከታታይ በመሰብሰቡ የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወደቀም። በሬውን ሸጦ ዕዳ የከፈለ ገበሬ ነበር። በሚቀጥለው ወቅት ብዙዎች ማዳበሪያ መግዛት ተዉ። ዝናቡም ቀረ፣ በ2003 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዘዴው ውሸት አልነበረም፤ ማዳበሪያ ምርት ይጨምራል። ትምህርቱ ያልነገረው ዋጋ ሲወድቅና ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1996፣ ትግራይ ውስጥ ሌላ ትምህርት ተጀምሯል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከክልሉ እርሻ ቢሮ ጋር ሆነው በአራት መንደሮች ሥራ ጀመሩ። ከአራቱ አንዷ አክሱም አጠገብ ያለችው አዲ ንፋስ ናት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ማሌዥያ ከሚገኘው ሰርድ ዎርልድ ኔትዎርክ የመጣ ነው። ሥራውም ውስብስብ አይደለም። ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ እርከንና ክትር መሥራት፣ ቦረቦሩን ማዳን፣ ሰስባኒያ መትከል፣ ከብቱን ከመልቀቅ ይልቅ ሣር አጭዶ ማብላት። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው መንደርተኞቹ ናቸው፤ ጥፋተኛውን የሚቀጡትም እነሱ።

ከ2000 እስከ 2006 በመቶዎች ከሚቆጠሩ ማሳዎች የምርት መጠን ተመዘገበ። ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምርት ምንም ካልገባበት በእጅጉ በልጦ ተገኘ። ኬሚካል ማዳበሪያ ከተደረገበት ጋርም ሲነጻጸር በአብዛኛው እኩል ወይም የተሻለ ነበር። ውጤቱ በ2007 ሮም በተደረገው የፋኦ ጉባኤ ላይ ቀረበ። የክልሉ እርሻ ቢሮም ኮምፖስትን በኤክስቴንሽን ሥራው ውስጥ አስገባው።

ቅኔ አንዘርፍለትም። ኮምፖስት ጉልበት ይበላል፤ ውኃ ይፈልጋል። ፋንድያው ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ገለባውን በሬው ይፈልገዋል። ስለዚህ ሥራው ያለ ማገዶና ያለ መኖ አይሆንም፤ ዛፉና ሣሩ ከኮምፖስቱ እኩል የትምህርቱ አካል የሆኑት ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ብዙው የፕሮጀክት ገንዘብ ግን ሦስት ዓመት ሲሞላ ሪፖርት ይጠይቃል።

መንግሥት ራሱ ሲከፍል

በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት 25 የእርሻ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ይዞ የልማት ሠራተኞችን በብዛት ማሠልጠን ጀመረ። በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ፤ አንዱ የሰብል፣ አንዱ የእንስሳት፣ አንዱ የተፈጥሮ ሀብት። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያዎችም ተሠሩ። ይህ በአፍሪካ ውስጥ እምብዛም ያልታየ ጥረት ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ የልማት ሠራተኛው ከማስተማር ሌላ ማዳበሪያ ማከፋፈልና ዕዳ ማስመለስም በጫንቃው መጫኑ ነው። ጠዋት አስተማሪ፣ ከሰዓት ዕዳ ሰብሳቢ የሆነ ሰው የሚናገረውን ገበሬው በየትኛው ጆሮው ይስማው?

የኦርጋኒክ እርሻ አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ2006 ነው። ቡናችን ግን ቀድሞ መንገዱን ጀምሯል። በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በኦርጋኒክ ስም ለውጭ ገበያ አቀረበ። የሚገርመው ነገር፣ ብዙው የቡና ገበሬያችን ኬሚካል ነክቶ አያውቅም። ይሁንና ወረቀት ካልያዘ ቡናው «ኦርጋኒክ» አይባልም፤ ወረቀቱን የሚሰጡት በውጭ ምንዛሪ የሚከፈላቸው የውጭ ድርጅቶች ናቸው። አያቱ የሚያውቀውን ሥራ እንደሚሠራ ለማስመስከር ይከፍላል።

ገንዘቡ ሲቆም

በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። በ2023 ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት መጋቢት ተወልደብርሃን አረፉ። በሐምሌ 2025 ደግሞ የፖይንት ፎር ወራሽ የነበረው ዩኤስኤይድ ተዘጋ፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ከእኛ ተመራማሪዎች ጋር ያገናኙ የነበሩ የእርሻ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ አብረውት ቆሙ። በትሩማን ንግግር የተከፈተው በር ሰባ ስድስት ዓመት ቆይቶ በሌላ ፕሬዚዳንት ዘመን ተዘጋ።

በአገራችን ዛሬም የእርሻ ትምህርት ዕድል የሚያፈላልግ ወጣት፣ ስኮላርሺፕ የሚሞላ ምሩቅ፣ ለማኅበሩ ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል። ገንዘብ አትቀበሉ አንልም፤ የዘር ማዕከሉም፣ አዲ ንፋስም በውጭ ገንዘብ ነው የተጀመሩት። ነገር ግን ፎርሙን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ገንዘቡ ለስንት ዓመት ነው? አፈር በሦስት ዓመት አይድንም። ሲያልቅ በመንደሩ ምን ይቀራል? ጆንያ ወይስ ገበሬው በራሱ የሚደግመው ሥራ? ደንቡን የሚያወጣውስ ማን ነው?

መንግሥትንም የምንጠይቀው አለን። ለማዳበሪያ ግዢ በየዓመቱ የሚመደበው የውጭ ምንዛሪ ይታወቃል፣ በዜናም ይነገራል። ለኮምፖስት፣ ለእርከን፣ ለነባር ዘርና ይህንን ለሚያስተምረው የልማት ሠራተኛ የሚመደበውስ ስንት ነው? ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ማየት እንፈልጋለን።