ተጣባቂ ዓሣ

ተጣባቂ ዓሣ (ስም)፦ አገጩ ሥር ባለ የሥጋ ሰሌዳ ድንጋይ ላይ እየተጣበቀ በአብዛኛው በወራጅ ውሃ የሚኖር ትንሽ ዓሣ፤ በሳይንሳዊ መጠሪያው «ጋራ» የሚባለው ወገን።

ሳይንሳዊ ስሙን እንዳለ መውሰድ አያዋጣም። ጋራ በአማርኛ ተራራ ነው፤ «የጋራ ዓሣ» ከተባለ ደግሞ የወል ንብረት ይመስላል። በእንግሊዝኛ «ሰከር» የሚባሉት ዓሦች ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በብዛት የሚገኙት በሰሜን አሜሪካ ሲሆን ወፍራም ከንፈራቸው ምግብ ከወንዝ ወለል ይመጥጣል። እነሱን «መጣጭ ዓሣ» ማለት ይቻላል። የእኛው ግን ዋና መለያው መጣበቁ ነው።

ዓሣውን ገልብጦ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አፉ ወደ ሆዱ በኩል ተከፍቷል። ከታችኛው ከንፈር ኋላ ክብ የሥጋ ሰሌዳ አለ፤ መሐሉ ወፈር ያለ፣ ዳር ዳሩ ከቆዳው የተላቀቀ ነው። ዓሣው ይህን ሰሌዳ ድንጋይ ላይ ይጫናል፣ የደረት ክንፎቹን ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤ ኃይለኛ ወራጅም በቀላሉ አይወስደውም። መንጋጋው ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። በከንፈሩ ጠርዝ የሚፍቀው ድንጋዩን አንሸራታች የሚያደርገውን አረንጓዴ ሽፋን፣ አልጌውን ነው። ይህን ምግብ ለመፍጨት አንጀቱ ረጅምና የተጠማዘዘ ሆኗል።

የወገኑ ዝርያዎች ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ይገኛሉ። በስፓ ከሰው እግር የሞተ ቆዳ የሚለቅመው የቱርኩ ዓሣም ከእነዚሁ ነው። በአገራችን ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዱን ዝርያ በጣና ሰሜን ባለችው በደምቢያ ስም ሰየመው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ አዳዲስ ዝርያዎችን ለሳይንስ ሲያስተዋውቁ አንዱን በጣና፣ ሌላውን በጎጃሟ ደምበጫ ሰይመዋል። ስለዚህ የጎጃም ቦታ ስም በዓለም የዓሦች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል።

ከጮቄ ተራራ ተነሥተው በምሥራቅ ጎጃም በኩል ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ያሉ ወንዞች ድንጋያማ ወለል እንዲህ ላለ ዓሣ የተመቸ ነው። ከአምበር እስከ ብቸናና ሞጣ ያለ አራሽ የሚያውቀው ለውጥ ደግሞ ዓሣውን በቀጥታ ይነካዋል። ተዳፋት መሬት ሲታረስ ክረምት ያጠበው አፈር ወንዝ ይገባል፤ ደለሉ ድንጋዩን ሲያለብሰው አልጌው ይታፈናል፣ የሚጣበቅበት ንጹሕ ገጽም ይጠፋል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መጨመር ደግሞ ትልቅ ትንሽ ሳይል ዓሣን ሁሉ ይፈጃል። እርከን የሠራ ገበሬ ማሳውን ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውን የወንዝ ድንጋይም ይጠብቃል።

አጠቃቀም፦ «ደለል የበዛበት ወንዝ ለተጣባቂ ዓሣ አይሆንም።» ሰሌዳው «የአገጭ መጣበቂያ» ይባል።