ትጋት ልኩን ሲያልፍ፤ ከካዛንቺስ የግንባታ ታሪክ

የአዲስ አበባን የግንባታ ታሪክ ለመመርመር ለሚፈልግ መሐንዲስ እንደ ካዛንቺስ በአጭር ርቀት ውስጥ ብዙ ትምህርት የሚሰጥ ሠፈር ጥቂት ነው። ስሙ ራሱ የተገኘው ከአንድ የቤት ሥራ ድርጅት ነው። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1924 ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሠራ በኢጣልያ የተቋቋመው ድርጅት በአጭር ስሙ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፣ በወረራው ዘመን ለኢጣልያውያን ሹማምንት ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የከተማው ሕዝብ ደግሞ ቃሉን ለአንደበቱ አመቻችቶ ካዛንቺስ አለው። ቤቶቹን ያሠራው አገዛዝ በአምስት ዓመት ውስጥ ሲያከትም ቤቶቹና ስሙ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ ይህ አካባቢ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በታላቅ ፍጥነት ተሠርቶበታል። ሁለቱም ጊዜ የተመሰገነው ትጋት ነው። ትጋት በማናቸውም ሙያ ዘንድ የሚወደስ ልማድ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ቶሎ ጀምሮ ቶሎ መጨረስ፣ ሰዓት ሳይቆጥሩ መሥራት፣ ከታቀደው በላይ ማስመዝገብ የመሳሰሉት መልካም ልማዶች ጥቅማቸው የሚያበቃበትና ጉዳታቸው የሚጀምርበት ወሰን አለ። ወሰኑ ወዴት እንደ ሆነ ማወቅ የሙያው ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የአፍሪካ አዳራሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለኮሚሽኑ መቀመጫ የሚሆን ሕንፃ እንዲሠራ አዘዙ። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን፣ ሕንፃው በ18 ወራት ተጠናቅቆ በጥር ወር 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በቀለም መስተዋት የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሥራም የአዳራሹ ጌጥ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነበር።

ይህ ፍጥነት ለጉዳት ሳይሆን ለጥቅም የዋለው አሠሪው አንድ፣ የንድፉ ኃላፊ አንድ፣ ሕንፃውም አንድ ስለ ነበር ነው። ውሳኔ የሚጠብቅ ሥራ ሲያንስ ጊዜው የሚቆጠበው ከክርክርና ከደብዳቤ ልውውጥ እንጂ ከሠራተኛው እንቅልፍ ወይም ከኮንክሪቱ መጠንከሪያ አይደለም።

ሆኖም የዚሁ ሕንፃ ኋለኛ ታሪክ ሌላ ነገር ያሳስባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአዳራሹን እድሳት በ2008 ዓ.ም. ፈቀደ፤ እድሳቱ አልቆ አዳራሹ ዳግመኛ የተከፈተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ለመሥራት 18 ወራት የበቃው ሕንፃ ከፈቃድ እስከ ምረቃ ያለው የእድሳቱ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ያህል ወሰደ። ይህ የጥድፊያ ቅጣት ነው ለማለት አይደለም፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ያገለገለ ሕንፃ መታደሱ የታወቀ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በሁለቱ ምረቃዎች መካከል 64 ዓመታት አልፈዋል፤ የግንባታው ጊዜ ከዚህ ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራን በማጠናቀቂያው ፍጥነት ብቻ የሚመዝን ልማድ ከሕንፃው ዕድሜ ትንሹን ክፍል መዝኖ ትልቁን ይተዋል።

መለኪያ ሥራን እንደሚያሳስት የሌላው ዓለም ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 አሌክሲ ስታኻኖቭ የተባለ የሶቪየት ማዕድን ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን የድንጋይ ከሰል እንደ ቆፈረ ተነገረ፤ የተመደበለት መጠን 7 ቶን ነበር። ከኋላው ሆነው የዋሻውን ጣራ በእንጨት ሲደግፉ የነበሩት ረዳቶቹ ግን ከቁጥሩ ውስጥ አልገቡም። ይህን ምሳሌ ተከትሎ በተነሣው ንቅናቄ የሥራ መጠን ከፍ ተደረገ፤ በየፋብሪካው መሣሪያ ይሰበር፣ ጥገናም ይዘለል ጀመር።

ስለ ሥራ ሰዓት ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ የተገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነበሩት የብሪታንያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የሠራተኞቹን ጤንነት እንዲያጠና የተሰየመው ኮሚቴ የሰበሰበውን መረጃ ኢኮኖሚስቱ ጆን ፔንካቬል እ.ኤ.አ. በ2014 እንደ ገና መርምሮታል። ውጤቱ እንደሚያሳየው በሳምንት እስከ 49 ሰዓት ድረስ ምርት ከሰዓቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚጨመረው ሰዓት የሚያስገኘው እያነሰ ይሄዳል። 70 ሰዓት የሠራ ሰው 56 ሰዓት ከሠራው ብዙም አልበለጠም። የዕረፍት ቀን መታጣቱም የሳምንቱን ምርት ይቀንስ ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ የመደበኛውን ሥራ ጣሪያ በሳምንት 48 ሰዓት ማድረጉ ከዚህ ግኝት ጋር ይቀራረባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 የትርፍ ሰዓትን ሥራ በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ገድቦት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ግን በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ፈቅዷል። ስለሆነም ሕጋዊው ጣሪያ ራሱ በሳምንት 60 ሰዓት ይደርሳል። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ምርት ያስገኛል ማለት አለመሆኑን ቁጥሮቹ ራሳቸው ያስረዳሉ።

ሁለተኛው የካዛንቺስ ፍጥነት የቅርብ ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. ወደ ካዛንቺስ ሲደርስ ነባር ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛወሩ። ሌሊትና ቀን፣ ሳምንቱን ሙሉ መሥራት አዲስ የሥራ ባህል ተብሎ በአደባባይ ተወደሰ። የተጓተቱ ግንባታዎችን ለለመደ ከተማ ይህ ውዳሴ የሚገባ ነው። ነገር ግን ባህሉ ወደ እያንዳንዱ ሥራ ከመዛመቱ በፊት ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው።

የሥራ ቦታ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ሰው ግን አይችልም። ሥራው በሦስት ፈረቃ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ፈረቃ የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ ፎርማንና የራሱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሲመደብለት ሌሊቱ እውነተኛ ትርፍ ነው። ሠራተኛው ተከፍሎ ተቆጣጣሪው አንድ ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚደክመው ስሕተትን ማየት ያለበት ዐይን ይሆናል። ቁስም እንዲሁ የራሱ ሰዓት አለው። የኮንክሪት ጥንካሬ በ28 ቀን የሚለካው ሲሚንቶ ከውሃ ጋር የሚያደርገው ውሕደት ጊዜ ስለሚጠይቅ ነው፤ በየፈረቃው ሰው ቢጨመር ይህ ውሕደት አይፋጠንም። ውሃ የማጠጣቱ ቀን ቢያጥር ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧና ገመድም በጊዜው በካርታ ካልተመዘገበ ቀጣዩ ቆፋሪ የሚያገኘው በዶማው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሙያው ለፍጥነት ምስጋናውን ሳይነፍግ መለኪያውን ማስፋት ይኖርበታል። የሥራ ሪፖርት የተጠናቀቀውን ሜትር ሲገልጥ የኮንክሪት ፍተሻውን ውጤት፣ የፈረቃ ርክክብ መዝገቡን፣ የአደጋውን ቁጥርና እንደ ተሠራው የተስተካከለውን ንድፍ አብሮ እንዲገልጥ በውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የአፍሪካ አዳራሽ ዳግመኛ በተከፈተበት ዓመት በዚያው ሠፈር የተጀመሩት አዳዲስ ሥራዎች የእድሳት ቀናቸው ሲደርስ፣ የሚያድሷቸው መሐንዲሶች ከመደርደሪያ የሚያወርዱት ይህንን መዝገብ ነው።