አይሪስ፦ የማገገም ብግነት

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት የሆነው ሰው ራስ ምታቱ ሲበረታበት፣ ማጅራቱ ሲገተርና ሲያስመልሰው ቤተሰቡ ቶሎ የሚለው «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ነው። ሰውየውም መድኃኒቱን ያቋርጣል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች አይሪስ ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የበሽታ መከላከል አቅም ሲያገግም የሚቀሰቀስ ብግነት» ማለት ነው። ስሙ ስለሚረዝም «የማገገም ብግነት» ብንለው ይበቃል።

ይህ ብግነት በሳንባም በዕጢም ሊነሳ ይችላል፤ እጅግ የሚያስፈራው ግን አንጎል ውስጥ ሲሆን ነው። ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ ከአቧራ ጋር ተምጎ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሰው እዚያው ይገታዋል። ሲዲ4 የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎቹ ቁጥር ከ100 በታች በወረደ ሰው ላይ ግን በደም ተጉዞ የአንጎል ሽፋን ላይ ይሰፍርና ማጅራት ገትር ያመጣል። ፈንገሱ በወፍራም የስኳር ልባስ የተጠቀለለ ስለሆነ ነጭ የደም ሴል ሊውጠው ሲሞክር ውሃ እንደነካው ተልባ ያሙለጨልጨዋል። ከሕመምተኛው ወገብ በተቀዳው ፈሳሽ ላይ ጥቁር ቀለም ጠብ አድርገው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ልባሱ ቀለም ስለማያስገባ በየፈንገሱ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ጎልቶ ይወጣል።

ያው ፈሳሽ ሌላም ነገር ይናገራል። በባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፉበታል። በኤድስ በተዳከመ ሰው ፈሳሽ ውስጥ ግን ፈንገሱ እየተራባ ሴሎቹ ከነጭራሹ ላይታዩ ይችላሉ። ይህን እንደ ደህና ምልክት ማየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሰውነቱ ጠላቱን ማየት አቅቶታል ማለት ነው። ፈንገሱና የልባሱ ዝቃጭ የፈሳሹን መውጫ ስለሚደፍኑት በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ራስ የሚፈልጠው፣ ዓይን የሚያጠፋውም ይኸው ግፊት ነው። ብዙ ቤተሰብ የወገቡን መርፌ «ሽባ ያደርጋል» ብሎ ይፈራዋል። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው፤ ፈሳሹን መቅዳቱም ግፊቱን ስለሚቀንስ ራሱ ሕክምና ነው።

እንግዲህ በዚህ ዝምታ መካከል የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀመር ሴሎቹ ይነቃሉ። በሕይወት ያለውን ፈንገስም የሞተውን ርዝራዥም አግኝተው ይዘምቱበታል፤ የራስ ቅል ደግሞ ለእብጠት ቦታ አይሰጥም። አንዳንዱ ላይ እየታከመ የነበረው በሽታ ያገረሻል፤ ሌላው ላይ ተደብቆ የኖረው ገና ያኔ ይገለጣል።

መድኃኒቱ መቼ ይጀመር የሚለውን ጥያቄ በካምፓላ፣ በምባራራና በኬፕ ታውን የተደረገና በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት መልሶታል። 177 ሕመምተኞች ነበሩ። የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ የኤች አይ ቪውን መድኃኒት ከጀመሩት መካከል በ26 ሳምንት ውስጥ 45 በመቶው ሞቱ፤ 5 ሳምንት ያህል ከቆዩት 30 በመቶው። ልዩነቱ የጎላው በወገብ ፈሳሻቸው ውስጥ ነጭ ሴል እጅግ ባነሰባቸው ሰዎች ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም የፈንገሱ ሕክምና ቀድሞ የኤች አይ ቪው ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲዘገይ ይመክራል። «ዛሬውኑ ጀምር» ሲባል ለኖረ ሰው «ትንሽ ቆይ» መባል እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ምክንያቱን ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ብግነት የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን ከመጀመሪያው ቢሰጥስ? በእስያና በአፍሪካ ተሞክሮ በ2016 ውጤቱ ወጣ፤ ፈንገሱ ቶሎ አልጠፋም፣ አካል ጉዳቱም በዛ፤ ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆመ። ስለዚህ እንዲህ ያለ መድኃኒት በአብዛኛው የሚታሰበው ፈሳሹ ተመርምሮ ሕያው ፈንገስ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ብግነቱ ከጠና ነው።

መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ራስ ምታት ከበረታባችሁ በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ፤ ዕለቱን ወደምትታከሙበት ሂዱና መቼ እንደጀመራችሁ ንገሩ። ሲዲ4 ቁጥራችሁ ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ፣ ራስ ምታት ባይኖርም፣ መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም በ10 ደቂቃ ይታወቃል።